ከልደታ እስከ ጢያ፣ መሮ በጉያ

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ጌጃ ሰፈር

ሰይድ ላዳውን የሚቀሰቅሳት እንዳኮረፈች ሚስት ነው፤ መጀመሪያ ይለማመጣታል፣ ቀጥሎ ይሰድባታል፣ በመጨረሻ እኔን አስወርዶ ያስገፋኛል። ዕለቱ እሑድ ነው፣ ወሩ ጥቅምት። የልደታ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኔ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሰማያዊ ላዳ እገፋለሁ። ከሰይድ ጋር ሃያ ዓመት ጎረቤት ነን። እሱ ሜክሲኮ አደባባይ የሚሠራ ባለታክሲ ነው፣ እኔ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ።

«ግፋ እንጂ ደምሴ! ድንጋይ ስታነሳ አይደል የኖርከው?» ይለኛል በመስኮት።

«ድንጋይ ሲገፉት ይሄዳል። ያንተ ናት የማትሄደው።»

ተነሳች።

ከከተማ ወጣ ብሎ በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለሱበት ደስ የሚል ቦታ የት ነው ሲባል ሰው ሁሉ ቢሾፍቱ ይላል። ቢሾፍቱን አልጠላም፤ ሐይቁን ግን የሚያየው ምሳ ያዘዘ ብቻ ነው። የሱሉልታን ሜዳ አጥረውታል። እንጦጦ ባሕር ዛፍና ፎቶ አንሺ ነው። መናገሻ ሱባ እውነተኛ ጫካ ነው፣ ጉሬዛም አይቼበታለሁ፤ ግን እኔ የድንጋይ ሰው ነኝ፣ ዛፍ ብዙ አያቆየኝም። የኔ መንገድ የቡታጅራ መንገድ ነው። ወጪው ትንሽ ነው፣ የሚታየው ግን አፍ ያስከፍታል። እስከ ጢያ ስሄድ ይህ ሦስተኛዬ ነው።

የዛሬው ግን ለሽርሽር ብቻ አይደለም፤ አንባቢን መዋሸት አልወድም። ጃኬቴ ውስጥ አንድ መሮና አንድ አጭር መዶሻ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ሊፈርስ ነው፤ የቤቴ በር ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈውበታል። ለመልቀቅ ዕቃ ስለይ በአንድ አሮጌ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጥ የድሮ የሥራ ወረቀቶቼን አገኘሁ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ደንበኛ ጽሑፉን በወረቀት ያመጣልኛል፣ እኔ ቅርጹን እያየሁ ድንጋይ ላይ እገለብጣለሁ። ፊደሎቹን መንገድ ላይ እንደማገኘው ሰው ፊት ለይቼ አውቃቸዋለሁ፤ ስማቸውን ብቻ አላውቅም። ይህንንም ማንም አላወቀብኝም እል ነበር። ከረጢቱን ዘርግፌ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ሁሉም ደህና ናቸው። አንዱ ሲቀር።

እሱ የአቶ ወልዴ ነው። አቶ ወልዴ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበር፣ በርበሬ ነጋዴ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሞተና ከጢያ አለፍ ብሎ የትውልድ አገሩ ተቀበረ። የድንጋዩን ጽሑፍ ያዘጋጀው ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጥ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ያረፉት አቶ ወልዴ ናቸው። ሠርተው በሉ፣ አብልተው ኖሩ።» ከሥሩ፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ቀለም፦ «ዕድሜ፦ ቤተሰብ ተጠይቆ ይሞላ።»

እኔ አልጠየቅሁም፣ አልሞላሁም። እንዳለ ጠረብኩት። በደንብ አድርጌ፣ ጥልቅ አድርጌ። ድንጋዩ በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ፤ እኔ ገበያ ነበረብኝና አልሄድኩም። የሰው መቃብር ላይ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የቢሮ ትእዛዝ ተገትሮ ኖሯል። ያ መስመር ዛሬ መጥፋት አለበት፤ ማንም ሳያይ።

12 ሰዓት ከሩብ፣ ጀሞ

ችግሩ የተቀበረበትን ቤተ ክርስቲያን አለማወቄ ነበር። ስለዚህ ትናንት የአቶ ወልዴን ባለቤት እትዬ ብርቄን ልጠይቅ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ጌጃ ሰፈርን ከለቀቁ ሁለት ዓመታቸው ነው።

«ጢያ ስሄድ ጎራ ብዬ የጋሽ ወልዴን መቃብር ልሳለም ብዬ» አልኳቸው።

«አንተ? ልደታ ማርያም ቤትህ ሥር ሆና ሳትሳለም?»

«ዛሬ አሰኘኝ።»

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ።» አለቀ። እትዬ ብርቄ ካሉ አሉ ነው።

ይኸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በፌስታል ዳቦ ይዘው ብሎኩ በር ላይ ቆመዋል። የፊቱን ወንበር ለቀቅሁላቸው። ኋላ ስቀመጥ መዶሻው ጎኔን ወጋኝ፤ እንደ ማቃሰት አልኩ።

«ምን ሆንክ?» አሉኝ።

«ብርድ ነው።»

ሰይድ በመስታወቱ አየኝና ከንፈሩን ነከሰ። ለእሱ ነግሬዋለሁ።

1 ሰዓት ተኩል፣ የአዋሽ ድልድይ

ዓለም ገናን ካለፉ በኋላ አገሩ ይከፈታል። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ጫፉ ወርቅ መምሰል ጀምሯል፣ ንፋስ ሲመታው እንደ ውኃ ይሄዳል። በመሀሉ የሽንብራ፣ የጓያ እርሻ። ሰማዩ ክረምቱ አጥቦት የሄደ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ሰማያዊ አይሸጥም።

መልካ ቁንጥሬ ስንደርስ ሰይድን አስቆምኩት። አዋሽ እዚህ ገና ልጅ ነው፣ ግን ጥቁር ድንጋዩን ሰንጥቆ ገደል ገብቷል። ጭጋጉ ከገደሉ እንደ ድስት እንፋሎት ይወጣል። ከድልድዩ ላይ ስታይ ውኃው አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ከታች ይጎርፋል።

ባለፈው ስመጣ እዚህ ካሉት የሙዚየም ጎጆዎች ገብቼ ነበር። የሰው ልጅ መጀመሪያ የጠረባቸው ድንጋዮች አሉ። አንዱን ረጅም ሰዓት አየሁት፤ መዳፍ የሚሞላ፣ የእንባ ቅርጽ ያለው፣ ግራና ቀኙ እኩል። መሮ የለ፣ መዶሻ የለ። ድንጋይን በድንጋይ መትቶ እኩል አወጣው። እኔ በብረት ሠላሳ ዓመት ሠርቼ እንደዚያ እኩል አላወጣም። ያን ቀን ስመለስ ሥራ መግባት አፍሬ ሁለት ቀን ቤቴ ተኛሁ። እውነቴን ነው።

እትዬ ብርቄ ወደ ገደሉ እያዩ «ወልዴ እዚህ ሲደርስ ሁሌም መኪናው ውስጥ ቆቡን ያወልቅ ነበር» አሉ።

«ለምን?» አለ ሰይድ።

«አገሬ ጀመረ ይላል። ጠይቀነው አናውቅም።»

3 ሰዓት፣ አዳዲ ማርያም

ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፎ ኮረኮንች ነው። ላዳዋ ጸለየች፤ ሰይድም አብሯት ጸለየ። ስትደርስ ምንም የለም። ቁጥቋጦ፣ የዛፍ ጥላ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ ነጭ የለበሱ ሰዎች። ጥቂት እርምጃ ስትሄድ መሬቱ ከእግርህ ሥር ይከፈታል። ቤተ ክርስቲያኑ ከታች ነው። አልገነቡትም፤ ከአለቱ ውስጥ አወጡት። ላሊበላ ነው ያሠራው ይላሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን እንደ ሙያተኛ ልንገርህ። ግንብ የሚገነባ ሰው ቢሳሳት አፍርሶ ይደግማል። ከላይ ወደ ታች የሚጠርብ ሰው መድገሚያ የለውም። ያነሳኸው ድንጋይ አይመለስም። ዓምድ ልታስቀር ስታስብ መሮህ ካመለጠ ዓምድ የለህም፤ ጣራው ራስህ ላይ ነው። ጣራውም ራሱ ሳይጠርቡ ያስቀሩት አለት ነው! ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጨለማ ነው፣ ምንጣፉ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ላይ የመሮው ጥርስ እስከ ዛሬ ይነበባል። አጫጭር፣ ቶሎ ቶሎ የተመታ። ሰውየው ግራኝ ሳይሆን አይቀርም፤ የመሮው አሻራ ከግራ ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው። ከስንት መቶ ዓመት በኋላ አንድ ሠራተኛ በየትኛው እጁ እንደሚመታ አወቅሁ።

መዳፌን ግድግዳው ላይ እየሳብኩ ስዞር እትዬ ብርቄ ደረሱብኝ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ስህተት።»

«በቤተ ክርስቲያን ውስጥ?»

«የጠረበው ሰው ነው እኮ።»

አገኘሁትም። አንዱ ዓምድ ከወገቡ በላይ ወደ አንድ ጎን ወፍሯል። አንድ ሰው እዚያ ጋ ፈርቶ መዶሻውን አቆመ። በሕይወቴ እንደ ዛሬ የሌላ ሰው ስህተት ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሳየኋቸው።

እትዬ ብርቄ ዓምዱን ዳሰሱት፣ ሳሙት። «ጣራውን ይዟል አይደል? ተወው» አሉና ወጡ።

ሰይድ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀናል። «ምን አያችሁ?»

«ጉድጓድ» አልኩት።

«ለጉድጓድ እንባህ መጣ?»

«አቧራ ነው። ንዳ!»

6 ሰዓት፣ ጢያ

ምሳ መንገድ ዳር በላን። ለእኔና ለእትዬ ብርቄ ክትፎ በቆጮ፣ ለሰይድ ሽሮ። የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ ሽሮው ሲመጣ ግን ክትፎውን ያየው አስተያየት ለኃጢአት ይበቃል።

እትዬ ብርቄ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ ወደ ሰይድ ጎንበስ አልኩ። «ስንደርስ ሴትዮዋን በሩ ላይ ያዛት። ግማሽ ሰዓት ብቻ።»

«እኔ? የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ባልቴት ላታልል? በየትኛው ሃይማኖት?»

«ስለ መኪና አውራት።»

«ንገራትና ሥራ። ሴትዮዋ ትስቃለች፣ ያልቃል።»

«አትስቅም። እያየች ስትሳለመው የኖረችው ነገር ምን እንደሚል ስታውቅ አትስቅም። እሷ ማንበብ አትችልም እኮ፣ ሰይድ።»

ቁልፉን አንስቶ ወደ ላዳዋ ሄደ።

ትክል ድንጋዮቹ ከከተማዋ ጥቂት እርምጃ ናቸው፤ አጥር ውስጥ፣ ሣር ላይ። ሠላሳ ከምናምን ይሆናሉ። አንዳንዱ የእኔ ቁመት እጥፍ ነው፣ አንዳንዱ ጉልበቴ አይደርስም። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ይመስላሉ፣ ሰልፍ ላይ እንደደከማቸው ሰዎች። ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል፤ አንዱ ላይ አራት፣ አንዱ ላይ ስድስት፣ ጫፋቸው አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች። ክብ አለ። ከሥር እንደ ቅርንጫፍ የተከፈለ ምልክት አለ። የአገሩ ሰው የግራኝ ድንጋይ ይለዋል።

ስለ አሠራሩ ልናገር። እኔ ፊደል ስጽፍ መስመሩን አጎደጉዳለሁ፤ ቀላል ነው። እነዚህ ግን ሰይፉን አልቆፈሩትም። በዙሪያው ያለውን ድንጋይ በሙሉ ዝቅ አድርገው ሰይፉን ከፍ አድርገው አስቀሩት። የአንድ ጣት ከፍታ ያለው ሰይፍ እንዲቀር የድንጋዩ ፊት ሙሉ ተላጠ። ለአንድ ሰው መቃብር! በዘመኔ እንዲህ የሚሠራ ሠራተኛ ቢመጣ መዶሻዬን አስረክቤው ጫማውን እጠርግለት ነበር።

አስጎብኚው ወጣት ነው፣ ትሕትና ያለው። «ምልክቶቹ ምን ማለት ናቸው?» አልኩት።

«በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፣ ጋሼ። ሰይፉ ምናልባት የገደሉት ጠላት ቁጥር ይሆናል ይባላል።»

«ይኸኛውስ ቅርንጫፍ?»

«እሱም አይታወቅም።»

«ያወቀ ሞቷላ» አለ ሰይድ።

ከረጅሙ ድንጋይ ሥር ቆሜ አንጋጠጥኩ። ደመናው ሲሄድ ድንጋዩ የሚወድቅብኝ ይመስላል። አንድ ሐሳብ መጣብኝና ራሴን አሳቀኝ፦ ይህ ቅርንጫፍ የሆነ ሰው ለጠራቢው የተወው ማስታወሻ ቢሆንስ? «እዚህ ጋ ጠይቅ» የሚል? ፈረንጅ ከባሕር ማዶ መጥቶ ፎቶ የሚያነሳው እንደኔ ያለ ሰው የሠራውን ስህተት ቢሆንስ? ሳቄ ግን ቶሎ ቆመ። የእነሱን የሚያነብ ጠፍቷል፤ የኔን ተማሪ ቤት የሄደ ሁሉ ያነበዋል።

8 ሰዓት፣ የአቶ ወልዴ አገር

ከጢያ ብዙ አይርቅም። ከአስፋልቱ በስተግራ የእንሰት አጥር ያላቸው ጎጆዎች፣ ከዚያ ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ በጥድ የተከበበ የገጠር ጊዮርጊስ። ከበሩ ስትዞር ሸለቆው እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቷል፤ ማዶ የጉራጌ ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ተኝተዋል። እዚህ ለመቀበር መሞት አያስቆጭም አልኩ በሆዴ።

እትዬ ብርቄ ቄሱን ሊያገኙ ወደ ቤተ ልሔሙ ሲሄዱ ሰይድ ተከተላቸው። «እትዬ፣ ይቺ ላዳ ዕድሜዋ ስንት ይመስልዎታል?» ሲል ሰማሁት። ስንት ወሬ እያለ ስለ ዕድሜ ይጠይቃል ደደብ!

መቃብሩን ብቻዬን አገኘሁት፤ የገዛ እጄን ሥራ አላጣውም። የአምቦ ድንጋይ ነው፣ ጥድ ሥር ቆሟል። አሥራ አራት ዓመት ዝናብና ፀሐይ አግኝቶት የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፤ ግራጫና ብርቱካንማ፣ እንደ እከክ የተለጠፈ። ከፊቱ ተንበርክኬ አነበብኩ። የጠረብኩትን ነገር ድንጋዩ ላይ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር። «እዚህ ያረፉት አቶ ወልዴ ናቸው። ሠርተው በሉ፣ አብልተው ኖሩ።» እጄ ጥሩ ነበር። ከዚያ የመጨረሻው መስመር። ከሁሉ የበለጠ ያማረው እሱ ነው፤ የተረገመ!

መሮውን አወጣሁ። «ዕ» ላይ አስደገፍኩት። መዶሻውን አነሳሁ።

«አንተ! እንዳትነካው!»

እትዬ ብርቄ ናቸው፣ ከጎናቸው አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ ከኋላ ሰይድ እጁን ዘርግቶ «ምን ላድርግ?» እንደሚል ሰው።

የምደበቅበት የለም። ቆሜ ተናገርኩ። «እትዬ ብርቄ፣ ይህ የጋሽ ወልዴ አይደለም። ስህተት ነው። ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት፣ ትእዛዙን ራሱን። ላጠፋው ነው የመጣሁት።»

«እንደማታነብ አጣሁት እንዴ? ወልዴም ያውቅ ነበር።»

ይህን ስሰማ ከድንጋዩ ጋር ድንጋይ ሆንኩ። «ታዲያ እያወቃችሁ ለምን ለኔ ሰጣችሁ?»

«ለማን እንስጥ? ጎረቤታችን ማን ነበር?»

ቄሱ ሳል ሳል አሉና ጣልቃ ገቡ። «ጠራቢው እርስዎ ነዎት? ስናማዎት ነው የኖርነው፣ በደግ ነው ታዲያ። በተዝካሩ ዕለት ሕዝብ ተሰብስቦ ድንጋዩን አነበብኩት። ይህቺ ጋ ስደርስ ደነገጥኩ። ግን ተጠይቆ ይላል፤ ቤተሰብም ቆሟል። ጠየቅሁ።»

«እኔ ሃምሳ አምስት አልኩ» አሉ እትዬ ብርቄ። «ወንድሙ ተነሳና ስድሳ ስድስት ነው፣ የአንበጣው ዓመት ነው የተወለደው አለ። እህቱ ሁለታችንንም ውሸታም አለችን። በመሬት ተጣልተው ሰባት ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች እዚህ ቆመው እስኪመሽ ተከራከሩ። ላንተ ያልነገርኩህ መጥተህ ታጠፋዋለህ ብዬ ነው።»

«አልተስማሙም» አሉ ቄሱ። «በዓመቱ እንምጣና እንጨርሰው አሉ። በዓመቱም አልጨረሱም። ይኸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይመጣሉ፤ አንዱ ምስክር ይዞ፣ አንዱ ሽማግሌ ይዞ። ድንጋዩ ባይጠይቅ ማን ይመጣ ነበር? ያን እዩ።» በእጃቸው ዙሪያውን አሳዩኝ። የሌላው መቃብር አረም ውጦታል። የአቶ ወልዴ ዙሪያ ብቻ ተረግጦ መንገድ ሆኗል።

መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ቄሱ ወደ ድንጋዩ ዞረው እንደ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እርስዎስ? ስንት ይላሉ?»

«እኔ? እኔ ቤተሰብ አይደለሁም።»

«ሰው ጠየቀህ እኮ፣ መልስ!» አሉኝ እትዬ ብርቄ።

አሰብኩ። አንድ ከሰዓት አቶ ወልዴ የሥራ ቤቴ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያጫወተኝ ትዝ አለኝ። «የጣሊያን መኪና በአዋሽ ድልድይ ሲያልፍ እናቱ አዝላው ሸሽታለች» አልኩ። «ቆቡ እዚያ ወድቆበት ቀረ። እናቱ እስክትሞት በዚያ ቆብ ታስቀው ነበር። እንግዲህ በጣሊያን ጊዜ የሚታዘል ልጅ ነበር። ሲሞት ሃምሳ ዘጠኝ ይሆናል።»

«ይኸ አዲስ ነው!» አሉ ቄሱ።

እትዬ ብርቄ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ቆቡ… ለኔ አልነገረኝም! ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ለኔ አልነገረኝም፣ ላንተ ነገረህ?» ተቆጡ፣ ሳቁ፣ ከዚያ ወደ ድንጋዩ ዞረው ትንሽ አለቀሱ። ቀጥለው መሮዬን አዩ። «ካወጣኸው አይቀር ሽበቱን አንሳለት። ተሸፍኖ ልጆቹ ማንበብ እያቃታቸው ነው። በመጪው ዓመት ያንተንም ቃል እንሰማለን፤ ብትቀር ወዮልህ!»

ተንበርክኬ ፊደል በፊደል አጸዳሁት። ከላይ ጀምሬ እስከ መጨረሻዋ መስመር።

ምሽት 1 ሰዓት ተኩል፣ ልደታ

አዋሽ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ገደሉ ከሥሩ ቀይ ሆነ፣ እንደ ከሰል ምድጃ። እትዬ ብርቄ ሰይድን አስቆሙትና መስኮቱን ዝቅ አድርገው ወደ ድልድዩ አዩ። ጀሞ ስናወርዳቸው ዳቦውን ከነፌስታሉ ለሰይድ ሰጡት፤ «ለሽሮው» ብለው።

ቤቴ ገባሁ። በሩ ላይ ያለው ቀይ ቁጥር አሁንም እዚያው ነው። ወረቀቱን ከከረጢቱ አወጣሁ። «ዕድሜ፦ ቤተሰብ ተጠይቆ ይሞላ።» እርሳስ ፈልጌ ከሥሩ ጻፍኩበት፤ «ተጠየቅሁ፤ ሃምሳ ዘጠኝ አልኩ።»